ፊቷን ወደ ግድግዳ

ልጄ ስትወለድ ራሷ ክብ ነበር። ይህን አስቀድሜ የምናገረው፣ አንድ ቤተ ዘመድ ሙሉ እንዳልነበረ አድርጎ ሲያወራብኝ ስለከረመ ነው። ፍኖተ ሰላም ጤና ጣቢያ አዋላጇ ጠራርጋ ደረቴ ላይ ስታስቀምጣት መጀመሪያ ያየሁት ራሷን ነው፤ እርጥብ ጥቁር ጸጉር የለበሰ፣ ከየትኛውም ወገን ቢያዩት እኩል የሆነ ራስ። አዋላጇም ራሷ ያምራል አለችኝ። ከእሷ ሌላ ምስክር የለኝም፤ እሷም ብዙ ሳትቆይ ወደ ሌላ ወረዳ ተዛወረች።

ጊዜው ሰኔ መጨረሻ ነበር። ፍኖተ ሰላም የማስተምርበት የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ለክረምት ተዘግቷል። የመጀመሪያ ልጇን የወለደች ሴት የምትታረሰው በእናቷ ቤት ነው፤ የእኔ እናት ግን መምህራን ማሠልጠኛ ሳለሁ ሞታለች። ቡሬ ያለው ቤታችን አባቴና ወንድሞቼ ብቻ የቀሩበት፣ ለአራስ ገንፎ የሚያገነፋ ሰው የሌለበት ቤት ነበር። ባሌ ደግሞ የግብርና ባለሙያ ነው። በዚያ በኢሕአዴግ ዘመን የግብርና ሰው ክረምቱን የሚያሳልፈው በማዳበሪያ፣ በምርጥ ዘርና በግምገማ ስለነበረ፣ እሱ ፈረስ ቤት ወደምትባለው ከተማ ሲላክ እኔን ከነልጄ እናቱ ዘንድ አድርሶኝ ሄደ። መንደራቸው ከማንኩሳ ወደ ውስጥ በእግር የሚገባበት ነው፤ በክረምት ጭቃው ሲጀምር መውጫ የለውም።

አማቴ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው የማያውቁ ሴት ናቸው። ሲሰድቡ የሚመርቁ ይመስላሉ፤ ሰው መሰደቡ የሚገባው ቤቱ ከገባ በኋላ ነው። ስለ እሳቸው ስጽፍ አሁንም አንቱ እላለሁ፤ አንቱታው የአፌ ልማድ ነው፣ ልቤ ካቆመ ቆይቷል። ገና ደጃቸው ስደርስ ከላይ እስከ ታች አዩኝና፣ እግዜር ረድቶሽ ነው እንጂ በዚህ ወገብ አይወለድም ነበር አሉ። የተሰበሰቡት ሴቶች አሜን አሉ። እኔም አሜን አልኩ።

የተኛሁበት መደብ ከበሩ ፊት ለፊት ካለው ግድግዳ ጋር የተያያዘ ነበር። አተኛኘታችንን የደነገጉት አማቴ ናቸው። እኔ በውጭ በኩል፣ ልጄ በግድግዳው በኩል። እሷ በጀርባዋ ትተኛለች፣ ፊቷ ወደ ቀኝ፣ ወደ ግድግዳው ይዞራል፣ መልሳ እንዳታዞረው ደግሞ በግራ ጉንጯ በኩል የተጠቀለለ አሮጌ ጋቢ ይደገፍባታል። ምክንያቱ የሰው ዐይን ነው። የአራስ ጠያቂ አይቋረጥም፤ በሩን ገፍቶ የሚገባው ሰው መጀመሪያ የሚያየው የሕፃን ፊት ከሆነ ዐይኑ ይወጋታል ይላሉ። ስለዚህ ክረምቱን ሙሉ የገባው ሰው ሁሉ ያየው የእኔን ጀርባና የጋቢውን ጥቅል ነው። ፊቷን ማየት አምሮኝ ወደ እኔ ሳዞራት አማቴ ኮቴያቸው ሳይሰማ ይመጣሉ፤ ምንም ሳይናገሩ ራሷን በሁለት እጃቸው ይዘው ወደ ግድግዳው ይመልሱታል። አንድ ቀን ምን ታያለች እዚያ ብላቸው፣ ግድግዳ ዐይን የለውም አሉኝ።

ጧት ጧት ደግሞ ቅቤ በመዳፋቸው አሙቀው ራሷን ያሹታል። ማሸት ብቻ ቢሆን ግድ አልነበረኝም፤ ይጫኑታል። ከግንባሯ ወደ ኋላ፣ ከጆሮዋ ወደ ላይ፣ እርግብግቢቷን እንኳ ሳይምሩ። ራስ እየሠሩ ነው። ልጄ ስትጮህ እኔ ጥርሴን እነክሳለሁ፤ እሳቸው የመምህር ልጅ አልቃሻ ነው እያሉ ይቀጥላሉ። እናት ብትኖረኝ በእጃቸው አልወድቅም ነበር እያልኩ በሆዴ አለቅስ ነበር። ልጅ በተኛበት ወገን ራሱ ጠፍጣፋ እንደሚሆን ግን አላውቅም ነበር፤ የነገረኝም የለም።

መስከረም ላይ ሰማንያ ቀን ሲሞላት ክርስትና ተነሣች። ከቤተ ክርስቲያን ተመልሰን ጎረቤቱ ደጅ ላይ ተሰብስቦ ጠላ ሲቀዳ፣ አንዲት የጎረቤት ሴት ልጄን ተቀብላ የራሷን መሸፈኛ ገለጥ አደረገች። በጠራ ፀሐይ፣ ያለ ጋቢና ያለ ግድግዳ ያየናት ያን ጊዜ ነው። ሴትየዋ ራሷን ዙሪያውን ዳበሰችና እጇ አንድ ቦታ ላይ ቆመ።

«የልዧ ራስ በቀኝ በኩል ጎደል ብሏልሳ» አለች።

ሁሉም ተንጠራርቶ አየ። እኔም አየሁ። የቀኝ ኋላዋ ጠፍጣፋ ሆኗል። ቀኝ ጆሮዋ ወደ ፊት ተገፍታለች፤ ግንባሯም በዚያው ወገን ወጣ ብሏል። ያን ሁሉ ሳምንት አቅፌያት፣ አጥብቼያት፣ እንዴት አላየሁም ብዬ ደነገጥኩ። አማቴ ግን አልደነገጡም። ዋንጫ ለአንድ ሽማግሌ እያቀበሉ፣ የዝናብ ወሬ እንደሚያወራ ሰው፣

«በናቷ ወገን ነው መሰል። ቡሬዎች እንዲያ ናቸው ይባላል። ደሞ እናቷ ስታጠባ እንቅልፍ ይጥላታል፣ ልዥ ባንድ ጎን ተረስቶ ሲውል ዛዲያ ምን ይሆናል ብለሽ ነው» አሉ።

ማንም አልሳቀም። ቢስቁ ይሻለኝ ነበር፤ አዘኑልኝ። አባቴ ለክርስትናው ከቡሬ መጥቶ እዚያው አግዳሚ ላይ ተቀምጦ ነበር። ሰምቷል። ባርኔጣውን ጉልበቱ ላይ አስቀምጦ ዳሩን በጣቱ እያሻሸ አንገቱን ደፋ። አባቴ ሚስቱን ቀብሮ ወንድሞቼን ብቻውን ያሳደገ ሰው ነው፤ በሰው ደጅ፣ በሰው ጠላ ፊት፣ ዘርህ ጎዶሎ ነው ተባለ። እኔን ብቻ ቢሰድቡኝ ምናልባት ይበርድልኝ ነበር። አባቴ አንገቱን ሲደፋ ሳይ ግን ቂም ቋጠርኩ። ይህን ቃላቸውን በሰሙት ሰዎች ፊት፣ በዚሁ ቤት፣ አስመልሳቸዋለሁ አልኩ።

እሳቸው በዚያ አላበቁም። እንግዳው ሲቀል ለክርስትናው የመጣውን ባሌን አስቀምጠው፣ እኔ እዚያው ቆሜ እንደሌለሁ ቆጥረው ነገሩን ጨረሱት። የበኩር ልጅ ድሮም የአያት ነው። እናቷ ከጧት እስከ ማታ ሰሌዳ ስር ነው የምትውለው። ልጅቷ ወደ እሳቸው ትምጣና በላም ወተት ትደግ፤ ራሷንም በቅቤ አሽተው በጨርቅ ጥብቅ አድርገው አስረው ያቀኑታል። ባሌ እናቱን እንቢ ብሎ የማያውቅ ሰው ነው፤ እሺም አላለም። እስከ ጥምቀት እንይ፣ ራሷ ካልቀና እናመጣታለን አለ። በኋላ መንገድ ላይ ተከራክሮ ቀን እንዳስገኘልኝ አድርጎ ነገረኝ። በልጄ ራስ ቅርፅ ተወራረዱ ማለት ነው። እስከ ፍኖተ ሰላም ድረስ አላናገርኩትም።

በማግሥቱ ጤና ጣቢያ ወሰድኳት። ያገኘሁት ከወሎ የመጣ ወጣት ነርስ ነበር። በጀርባዋ አስተኝቶ የቁልፍ ዘለላ ከዐይኗ በላይ ወደ ቀኝ ሲወስድ እስከ ዳር ተከተለችው፤ ወደ ግራ ሲመልሰው ግን መሐል ላይ ደርሳ አንገቷ ቆመ። በየትኛው ጎን እንደምትተኛ ጠየቀኝ። መደቡን፣ ግድግዳውንና ጋቢውን ነገርኩት። እናንተ አካባቢም አለ እንዴ አለና ፈገግ አለ። እኔ ፈገግታ አልነበረኝም።

በደንብ አስረዳኝ። የሕፃን የራስ አጥንት ገና አልተጋጠመም፤ ከተጫኑት ጠፍጣፋ ይሆናል፣ ከተዉት እያደገ ራሱ ይሞላል። ስለዚህ በተጎዳው ወገን እንዳትተኛበት ማድረግ ነው። ስትተኛ በጀርባዋ ትሁን፣ ፊቷ ግን ወደ ግራ ይዙር። ስትነቃ በደረቷ አስተኝቼ አጠገቧ ልሁን። ሽንት ጨርቅ በቀየርኩ ቁጥር አንገቷን በቀስታ ወደ ግራ ላለማምደው። ብዙ ልዘላት፣ ብዙ ልቀፋት። ትራስ አያስፈልግም፤ ፊቷ አጠገብ የተጠቀለለ ነገር ማስቀመጥ ትንፋሿን ሊያፍን ይችላል። መጫንና በጨርቅ ማሰር ደግሞ ጨርሶ የተከለከለ ነው። ፍጹም ክብ ትሆናለች ብሎ ግን ቃል አልገባልኝም። ቶሎ ስለመጣሽ ጥሩ ነው አለ፤ ቁጭ ማለት እስክትጀምር ድረስ በርትተሽ ሥሪ አለኝ።

ወደ ተከራየነው ቤት እንደገባሁ አልጋዋን አዞርኩት። ግድግዳው በቀኟ፣ በሩ፣ መስኮቱና የአከራዬ ግቢ በግራዋ ሆኑ። ሕፃን ወደ ብርሃንና ወደ ድምፅ ነው የሚዞረው፤ ብርሃኑም ድምፁም በበሩ በኩል ነው። ስለዚህ በሩን ወለል አድርጌ ከፈትኩት። ቡዳ ካለ ይግባ አልኩ። እውነቱን ለመናገር የነርሱ ምክር ብቻ አልነበረም፤ አማቴ ክረምቱን ሙሉ ከልጄ የከለሉትን በር መክፈት ደስ አለኝ።

እኔ ሳስተምር ልጄን የምትይዝልኝ አከራዬ ነበረች፤ ልጆቿ ያገቡባት ባልቴት ናት። መጀመሪያ ላይ የሰው ዐይን ፈርታ ልጄ ፊት ላይ ነጠላ ጣል እያደረገች አስቸገረችኝ። ነርሱ ያለውን ብነግራት አልተመለሰችም። አማቴ በክርስትናው ቀን የተናገሩትን ብነግራት ግን ተነሥታ ነጠላዋን ከሕፃኗ ፊት ላይ ገፈፈች። እሷም በወጣትነቷ አማት ነበረቻት። ከዚያ ወዲያ ከእኔ ይልቅ እሷ ባሰች፤ ከትምህርት ቤት ስመለስ ገና ከበሩ፣ ወደ ግራ ስታይ ነው የዋለች ብላ ትነግረኛለች።

በደረቷ መተኛቱ ከሁሉም ከበደን። ወለሉ ላይ ብርድ ልብስ አንጥፌ ሳስተኛት አፈር እንደቀመሰች ትጮሃለች። እኔም የተማሪዎቼን ደብተር ይዤ ፊት ለፊቷ በሆዴ ተኛሁ። እኔ በቀይ እስክሪብቶ ሳርም እሷ እስክሪብቶውን ለማየት አንገቷን ቀና ታደርጋለች፤ ስትደክም ብርድ ልብሱ ላይ ዘፍ ትላለች፤ እንደገና ቀና ትላለች። እስክሪብቶውን ቀስ እያልኩ ወደ ግራዋ እወስደዋለሁ። ብዙ ተማሪ የዚያን ዓመት ደብተሩን ምራቅ ነክቶት ነው ያገኘው።

ይህን ሁሉ ያደረግሁት በፍቅር ብቻ ነው ብል ውሸት ነው። አንገቷን ወደ ግራ ባዞርኩ ቁጥር አማቴን አስባለሁ። ወደ ትምህርት ቤት ስሄድ የምናገረውን እያዘጋጀሁ ነው የምሄደው፤ ሁሉም «እማማ» ብሎ ይጀምራል፣ ሁሉም በአንቱታ ነው፣ ሁሉም እሳቸውን መግቢያ አሳጥቶ ያበቃል። መንገድ ላይ ከንፈሬ ሲንቀሳቀስ ያየኝ ሰው የምጸልይ ይመስለው ነበር።

ኅዳር ላይ ማንም ሳያዞራት ራሷ ወደ በሩ መዞር ጀመረች። ታኅሣሥ ሲገባ አከራዬ ገላዋን እያጠበች በመዳፏ ዳበሰቻትና፣ ሞልቷል፣ ነይ ንኪው አለችኝ። ነካሁት። ሙሉ በሙሉ አልነበረም፤ ግን ሞልቷል። ተቀምጬ አለቀስኩ። ባሌ ከመስክ ሲመለስ አሳየሁት። አገላብጦ አያትና፣ እንዲያውም መጀመሪያም ይሄን ያህል አልነበረም አለ። ከዚያ ቀን ጀምሮ በቂሜ ውስጥ ለእሱም ትንሽ ቦታ ሰጠሁት።

ውርርዱን አሸንፌ ነበር። ግን ታኅሣሥ ሳያልቅ የባሌ አባት ሞቱ። ዝምተኛ፣ ለማንም ክፉ ያልሆኑ ሰው ነበሩ፤ ከልቤ አዘንኩ። ልጄን አዝዬ ለቅሶ ሄድኩ። ባሌና ሦስት ወንድሞቹ እንደ አገሩ ልማድ ለሐዘን ራሳቸውን ተላጭተው ከዳሱ ፊት ለፊት በአንድ አግዳሚ ላይ ተደርድረዋል። እኔ ከሴቶቹ ጋር ከኋላቸው ተቀመጥኩ። ባሌን ካገባሁት ጀምሮ ጸጉሩ ጎፈር ያለ ነው፤ ተላጭቶ አይቼው አላውቅም ነበር።

አራት የተላጨ ራስ ከኋላ አየሁ። አራቱም በቀኝ በኩል ጠፍጣፋ ነበሩ።

መጀመሪያ ዐይኔን ተጠራጠርኩ። ከታላቁ ጀምሬ እስከ ታናሹ አየሁ፤ ተመልሼ አየሁ። የባሌ ከሁሉም የባሰ ነው። በተከፈተው በር ወደ ቤቱ ውስጥ ተመለከትኩ፤ መደቡ እዚያው ነው፣ ግድግዳውም እዚያው ነው። አራቱም የተወለዱት እዚያ ቤት፣ የታረሱትም እዚያ መደብ ላይ ነው። አንድም የቡሬ ሰው በመሐላቸው የለም። ሳቄ ከሆዴ ተነሥቶ ሲመጣ ነጠላዬን አፌ ውስጥ ጎሰጎስኩ፤ ትከሻዬ ተንቀጠቀጠ። አጠገቤ ያለችው ሴት የማለቅስ መስሏት ጀርባዬን እየዳበሰች አጽናናችኝ።

ያን ቀን አልተናገርኩም። የሞተውን ሰው አክብሬ ነው፤ ደግሞም እዚያ የነበረው ሰው ከየአገሩ የመጣ ለቀስተኛ ነው። እኔ የምፈልገው በክርስትናው ቀን የነበሩትን ነው፤ እነሱ የሚሰበሰቡት ለተዝካሩ ነው።

ከቀብሩ በኋላ ግን ነገሩ ተለወጠ። አማቴ ብቻቸውን ቀርተዋል፤ ወንዶች ልጆቻቸው ሁሉ ከቤት ወጥተዋል። የባሌ አጎት፣ ልጅቷ በተዝካሩ ቀን መጥታ አያቷ ዘንድ ትቀራለች፣ ቤቱ ድምፅ ያገኛል ብለው ወሰኑ። ሁሉም ተስማማ። ባሌን ራሷ ቀንቷል እኮ፣ ቃልህ የት ሄደ አልኩት። አሁን የራስ ጉዳይ አይደለም፣ እናቴ ብቻዋን ናት አለኝ። እኔ ሌት ተቀን ያቀናሁት ራስ ዋጋ አጣ። ልጄን የሚያስቀርልኝ ያ አግዳሚ ላይ ያየሁት ብቻ ሆነ። ጥምቀት በሐዘን አለፈ።

በተዝካሩ ዋዜማ አከራዬን ምላጭ አስያዝኳትና የልጄን ራስ ሙልጭ አድርጋ ላጨችልኝ። ቁንጮ እንኳ አላስቀረሁም። በማግሥቱ መንደሩ ስደርስ ሰዎቹ አይተው፣ ለአያቷ አዝና ነው ብለው መረቁኝ። አሜን አልኩ።

ካህናቱ ፍትሐቱን አድርሰው፣ ሕዝቡ በልቶ ጠጥቶ ከተሸኘ በኋላ ዘመድና የቅርብ ጎረቤት ቤት ውስጥ ቀረ። አማቴ መደቡ ላይ ተቀመጡ። አራቱ ልጆቻቸው ኮፍያቸውን እንዳጠለቁ ፊት ለፊታቸው ተቀመጡ። አባቴ በሩ አጠገብ ነበር። በክርስትናው ቀን ልጄን ገልጣ ያየቻት ሴትም ነበረች። አጎትየው ጉሮሯቸውን ጠርገው ሐሳቡን ተናገሩ፤ ልጅቷ ከዛሬ ጀምሮ እዚህ ትቀመጣለች አሉ። አማቴ እጃቸውን ዘረጉ። አንዷ ሴት ልጄን ከእቅፌ ተቀብላ ሰጠቻቸው። ጭናቸው ላይ አስቀምጠው የተላጨ ራሷን ዙሪያውን ዳበሱት፤ መቅናቱን ሁሉም እንዲያይ ቀስ ብለው ነው የዳበሱት።

«ይኸው ቀናልኝ። ያን ሁሉ ጧት በቅቤ ያሸሁበት እጄ ለከንቱ አልቀረም። የቡሬን ራስ የኛን ወገን አስመሰልኩት» አሉ።

ሴቶቹ እጅዎ ይባረክ አሏቸው። ስንት ወር ያዘጋጀሁት ንግግር ሁሉ ከአእምሮዬ ጠፋ። ተነሣሁ፤ ከባሌ ኋላ ቆሜ ኮፍያውን ከራሱ ላይ አነሣሁት። ጸጉሩ ገና አልሸፈነውም ነበር።

«እማማ፣ የርስዎ ወገን ራስማ ይኸ ነው» አልኩ። እንደ እሳቸው ድምፄን ዝቅ አድርጌ ነው የተናገርኩት። መዳፌን ጠፍጣፋው ላይ አሳረፍኩ። ለወንድሞቹም ኮፍያችሁን አውልቁ አልኳቸው፤ ታናሹ ተማሪ ነው፣ የመምህር ድምፅ ሲሰማ እጁ ሳያስብ ታዘዘ። ሁለቱ እርስ በርስ ተያይተው አወለቁ።

«አራቱም በቀኝ ነው። አራቱም እዚህ መደብ ላይ ፊታቸው ወደ ግድግዳ ነው ያደጉት። የቡሬ ደም የለባቸውም። ልጄን ያጎደሉብኝ እርስዎ ነዎት፣ ያቀናኋት እኔ ነኝ። አሁን ደሞ ትተሽልኝ ሂጂ ይሉኛል።»

ያቺ የጎረቤት ሴት ተንጠራርታ አየች፤ የሁሉንም አየችና፣ እውነቷን ነውሳ አለች፣ ለራሷ እንደምትናገር ሁሉ። አጎትየው ወደ መሬት ተመለከቱ። አባቴ ግን ቀና አለ፤ እዚያ ቤት ከገባ ጀምሮ ፊቱን ሙሉ ያየሁት ያን ጊዜ ነው። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ። ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም እንደዚያ ደስ ብሎኝ አያውቅም፤ ሐዘን ቤት ውስጥ መሆኔም ደስታዬን አልቀነሰውም።

አማቴ አልካዱም። ልጄን መደቡ ላይ አስቀምጠው ታናሹን በእጃቸው ጠሩት። መጥቶ ተንበረከከ። ራሱን ዳበሱና ጣታቸው ጠፍጣፋው ላይ ሲደርስ ቆመ። ቀጥሎ ሌላውን ጠሩ። አራቱንም አንድ በአንድ ዳበሱ፤ ባሌ ጋ ሲደርሱ ብዙ ቆዩ። ሲያለቅሱ ለማየት ጠብቄ ነበር፤ አላለቀሱም። ቀና ብለው እኔን አዩኝ።

«ከነዚህ ፊት ሦስት ቀብሬያለሁ» አሉ። «ሦስቱም ፊታቸው ወደ በር ነበር። እነዚህን ወደ ግድግዳ አዞርኋቸው፣ እነዚህ ኖሩ። ራሳቸው ክብ ይሁን ጠፍጣፋ መች አየሁና። ሲነጋ መኖራቸውን ነበር የማይ።» ከዚያ ልጄን አንሥተው ወደ እኔ ዘረጉልኝ። «ውሰጃት» አሉ።

አላውቅም ነበር። ባሌ ነግሮኝ አያውቅም። ወደ ሴቶቹ ዞር ስል ሁሉም መሬት መሬት ያያሉ፤ ሁሉም ያውቁ ነበር። ሦስት ልጅ መቅበር በሰው አባት ላይ ዘር ለማጉደፍ ፈቃድ አይሰጥም ብዬ አሰብኩ፤ ዛሬም እንደዚያው ነው የማስበው። ይቅርታ አልጠየቅሁም፣ እሳቸውም አልጠየቁኝም። ልጄን ተቀብዬ አዘልኳት፤ ማንም አልከለከለኝም።

አባቴ ከፊቴ፣ ባሌ ከኋላዬ ሆነው ወደ ማንኩሳ ወረድን። ልጄ ጀርባዬ ላይ እንቅልፍ ወስዷት ነበር። አባቴ መንገዱን ሙሉ ሲያወራ፣ ሲስቅ፣ ደግ አደረግሽ ሲለኝ፣ እኔ በየጥቂት እርምጃው እየቆምኩ ትንፋሿን አዳምጥ ነበር።